የጋራውን የዋይፋይ ይለፍ ቃል ትቶ ወደ 802.1ኤክስ መሻገር፦ ሰርተፍኬት ወይስ የይለፍ ቃል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ ሁለት መቶ ገደማ ላፕቶፕ፣ አርባ የሚያህሉ ፕሪንተሮችና ካሜራዎች፣ በየጠረጴዛው የአይፒ ስልክ ያለው መሥሪያ ቤት ነው። ዋይፋዩ ለሁሉም አንድ የይለፍ ቃል አለው፤ የግድግዳው የኔትወርክ ሶኬት ደግሞ ኬብል ለሰካ ሁሉ ክፍት ነው። ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር የይለፍ ቃል መቀየሩ የታከታቸው ጠያቂ ወደ 802.1ኤክስ፣ ማለትም እያንዳንዱ መሣሪያ ማንነቱን አረጋግጦ ወደ ኔትወርኩ ወደሚገባበት አሠራር መሻገር አስበዋል። "በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል ብሠራው ይበቃል ወይስ ሰርተፍኬት የግድ ነው? ፕሪንተሮቹን ምን ላድርጋቸው? ብዙ ጊዜ የሚበላሸውስ የቱ ጋ ነው?" ይላሉ።

የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ለሆነ ላፕቶፕና ስልክ ሁሉ ሰርተፍኬት፣ ማለትም በታመነ ሰጪ የተፈረመ ዲጂታል መታወቂያ ይጠቀሙ፤ ዘዴው ኢኤፒ-ቲኤልኤስ ይባላል። በይለፍ ቃል የሚሠራውን ፒኢኤፒ ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ሊመርጠው አይገባም። ፕሪንተርና ካሜራ ሰርተፍኬት መያዝ ከቻሉ ይስጧቸው፤ ካልቻሉ በማክ አድራሻቸው (በኔትወርክ ካርዳቸው መለያ ቁጥር) አስገብተው ጠባብ ቪላን (ከሌላው የተነጠለ የኔትወርኩ ክፍል) ውስጥ ያስቀምጧቸው። የሚበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዓት፣ የሰርተፍኬት ሰንሰለት (ሰርተፍኬቱን ከዋናው ሰጪ ጋር የሚያያይዘው) እና ጊዜው ያለፈበት የስረዛ ዝርዝር (የተሰረዙ ሰርተፍኬቶች መዝገብ) ላይ ነው። ምክንያቱን ከነዝርዝሩ እነሆ።

መጀመሪያ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ግልጽ ይሁን። 802.1ኤክስ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ የአይ-ትሪፕል-ኢ ደረጃ ሲሆን ሦስት ወገኖች አሉት። አንዱ ላፕቶፑ ላይ ያለው ጠያቂ ሶፍትዌር፣ ሰፕሊካንት ነው። ሁለተኛው ኬብሎቹ የሚሰኩበት ስዊች ወይም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንት ነው። ሦስተኛው ማን ይግባ ማን ይከልከል የሚለውን የሚወስነው ራዲየስ ሰርቨር ነው። ስዊቹ እንደ በር ዘበኛ ነው፤ መታወቂያውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያሳልፋል እንጂ እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ አያውቅም። ፖርቱ እስኪፈቀድ ድረስ የማረጋገጫውን ፍሬሞች ብቻ ያሳልፋል፤ አይፒ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒም አይሠራም። ስዊቹ ከላፕቶፑ የተቀበለውን የኢኤፒ (የማረጋገጫ) መልእክት በራዲየስ ፓኬት ጠቅልሎ በዩዲፒ የፖርት ቁጥር 1812 ወደ ሰርቨሩ ይልካል። የግንኙነቱ መዝገብ በ1813 ይሄዳል። አንዳንድ አሮጌ ስዊቾች ከፋብሪካ የሚመጡት በ1645 እና በ1646 ነው፤ ሰርቨሩ በእነዚያ ፖርቶች ካላዳመጠ መልስ አይመጣም፣ ሎጉም (የክስተት መዝገቡም) "ሰርቨሩ ሞቷል" ከማለት ውጭ ፍንጭ አይሰጥም።

ሰርቨሩ "ይግባ" ሲል መልሱ ላይ ቪላኑንም መጨመር ይችላል። ለዚህ ሦስት መስኮች አብረው መላክ አለባቸው፦ የተነል ዓይነት ዋጋው 13፣ የመገናኛ ዓይነት ዋጋው 6፣ ከዚያም የቪላኑ ቁጥር። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ብዙ ስዊቾች ስሕተት ብለው አይጮኹም፤ መሣሪያውን ዝም ብለው በፖርቱ ነባር ቪላን ይተዉታል። "ማረጋገጫው አልፏል ግን የተሳሳተ አይፒ ይዟል" የሚለው ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

በዋይፋይ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ። ማረጋገጫው ሲያልቅ ላፕቶፑና ሰርቨሩ የጋራ ዋና ቁልፍ ይኖራቸዋል፤ ሰርቨሩ ያንን ለአክሰስ ፖይንቱ ያስተላልፋል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ የምስጠራ ቁልፍ ይወጣል። አሁን ባለዎት የጋራ ይለፍ ቃል በደብሊውፒኤ2 የሚሠራ ከሆነ፣ ቃሉን የሚያውቅና የሌላውን ሰው የግንኙነት መጀመሪያ የቀዳ ማንም ሠራተኛ የዚያን ሰው ትራፊክ መፍታት ይችላል። ስለዚህ ችግሩ የለቀቀው ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ያልለቀቀውም ነው።

አሁን ወደ ይለፍ ቃሉ ጥያቄ። ፒኢኤፒ መጀመሪያ በሰርቨሩ ሰርተፍኬት የቲኤልኤስ፣ ማለትም የተመሰጠረ ዋሻ ይሠራል፣ ከዚያ በዋሻው ውስጥ የተጠቃሚው ይለፍ ቃል ኤምኤስ-ቻፕ ቪ2 በሚባለው ዘዴ ይጣራል። ጥንካሬው በሙሉ የተንጠለጠለው ላፕቶፑ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት በትክክል በማጣራቱ ላይ ነው። ካላጣራ፣ የእናንተን የዋይፋይ ስም የያዘ ሐሰተኛ አክሰስ ፖይንት ይዞ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ዋሻውን ከራሱ ጋር ያስገነባዋል፣ የውስጡንም ልውውጥ ይቀዳል። ኤምኤስ-ቻፕ ቪ2 ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ዴፍኮን በተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ላይ እንደታየው ዴስ የሚባለውን የአሮጌ ምስጠራ አንድ ባለ 56 ቢት ቁልፍ ወደ መስበር ይወርዳል፤ ይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን አጭር ለውጥ የለውም። የሚገኘው የተጠቃሚው ኤንቲ ሃሽ (ከይለፍ ቃሉ የሚሰላ ቁጥር) ነው፣ እሱም ፋይልና ሌላ አገልግሎት የሚከፍት የዶሜይን፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱ የጋራ መለያ ሥርዓት፣ መግቢያ ነው። ዋይፋዩን ለመጠበቅ ብሎ ዋናውን መለያ ደጅ ማስጣት ይሏል ይህን።

ሌሎች ጣጣዎችም አሉት። ሠራተኛው ይለፍ ቃሉን ሲቀይር ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ አሮጌውን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ መለያው ይቆለፋል፤ ሰውየው ለምን እንደተቆለፈበት አይገባውም። ከዊንዶውስ 11 22ኤች2 ጀምሮ ደግሞ መስፈርቱን በሚያሟሉ የኢንተርፕራይዝና የኤጁኬሽን እትሞች ላይ የመግቢያ ምስጢሮችን ነጥሎ የሚጠብቀው ክሬደንሻል ጋርድ በነባሪ ስለሚበራ፣ በመግቢያው ይለፍ ቃል ራሱ ወደ ዋይፋይ የሚገባው የፒኢኤፒ አሠራር ይቆማል። ክሬደንሻል ጋርድን አጥፍቶ ማለፍን የሚመክር መልስ ካጋጠመዎት አይስሙት።

በኢኤፒ-ቲኤልኤስ አየር ላይ የሚሄድ ይለፍ ቃል የለም። ላፕቶፑ ሰርተፍኬቱን ያሳያል፣ ከዚያ የግል ቁልፉ በእጁ እንዳለ በፊርማ ያረጋግጣል። ሐሰተኛ አክሰስ ፖይንት ቢያታልለው እንኳ የሚሰረቅ ምስጢር አያገኝም። ሥራው ግን ይበዛል፤ ያንን መደበቅ አይገባም።

የራስዎ ሰርተፍኬት ሰጪ ያስፈልግዎታል። ለዚህ መጠን ሁለት እርከን ይበቃል፦ ከኔትወርክ ውጭ ተዘግቶ የሚቀመጥ ሥር (ዋናው ሰጪ)፣ በእሱ ሥር ደግሞ በየዕለቱ የሚሠራ ሰጪ። ለሥሩ 20 ዓመት፣ ለሰጪው 10 ዓመት፣ ለላፕቶፕ ሰርተፍኬት 1 ዓመት የተለመደና ምክንያታዊ ነው። ቁልፉ አርኤስኤ 2048 ቢት ወይም ፒ-256 ይሁን። የላፕቶፑ ሰርተፍኬት የአጠቃቀም መስክ ላይ "የደንበኛ ማረጋገጫ" ማለትም 1.3.6.1.5.5.7.3.2፣ የራዲየስ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ "የሰርቨር ማረጋገጫ" ማለትም 1.3.6.1.5.5.7.3.1 መኖር አለበት። በዚህ አንድ አኃዝ ልዩነት የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም።

የግል ቁልፉ መወለድ ያለበት እዚያው ላፕቶፑ ላይ፣ ቁልፍ በሚጠብቀው የቲፒኤም ቺፕ ውስጥ፣ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ ነው። ሰርቨር ላይ ሠርቶ በኢሜይል ወይም በፍላሽ ማደል ሰርተፍኬቱን ወደ ሌላ የሚገለበጥ ይለፍ ቃል ይለውጠዋል። ዶሜይን ካለዎት በራስ-ሰር ምዝገባ፣ ከሌለዎት ወይም ስልኮችን ለማስገባት በመሣሪያ ማስተዳደሪያ ሥርዓት በኩል ኤስሲኢፒ በሚባለው የሰርተፍኬት መጠየቂያ ዘዴ ይስጡ። እድሳቱ ሰርተፍኬቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው እንዲጀምር ያድርጉ፤ ሠራተኛ ፈቃድ ወጥቶ ወይም ላፕቶፑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፈውን ጊዜ ታሳቢ ያደረገ ይሁን። ቀኑ አልፎበት ለሚመጣው ደግሞ ሰርተፍኬት ሰጪውንና የዶሜይን ሰርቨሩን ብቻ የሚያገኝበት የመጠገኛ ቪላን ይኑር፤ አለበለዚያ ሰርተፍኬት ለማደስ ኔትወርክ ያስፈልገዋል፣ ኔትወርክ ለማግኘት ደግሞ ሰርተፍኬት።

አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የዶሜይን ሥርዓት ለሚጠቀሙ አንድ የቅርብ ጊዜ ወጥመድ አለ። ከየካቲት አጋማሽ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዶሜይን ኮንትሮለሮች (የዶሜይኑ ሰርቨሮች) ጠንካራ የሰርተፍኬት ማዛመድን በነባሪ ያስገድዳሉ፦ ሰርተፍኬቱ ውስጥ የመለያው ኤስአይዲ (ልዩ መለያ ቁጥሩ) በ1.3.6.1.4.1.311.25.2 ቅጥያ መኖር አለበት፣ ወይም መለያው ላይ በእጅ የተጻፈ ጠንካራ ማዛመጃ። በራስ-ሰር ምዝገባ የሚወጡት ይህን በራሳቸው ይይዛሉ፤ በኤስሲኢፒ የሚወጡት ግን ፕሮፋይሉ ላይ ካልተጨመረ ላይይዙት ይችላሉ። ምልክቱ በኮንትሮለሩ ላይ የሚታየው የክስተት ቁጥር 39 ነው።

የመሣሪያ ወይስ የሰው ሰርተፍኬት? የሰው ብቻ ካደረጉት ላፕቶፑ በመግቢያው ገጽ ላይ ሳለ ኔትወርክ የለውም፤ በዚያ ላፕቶፕ ገብቶ የማያውቅ ሠራተኛ መግባት አይችልም፣ የዶሜይን ፖሊሲውም አይወርድም። የመሣሪያ ብቻ ካደረጉት ላፕቶፑን ያውቁታል፣ የተቀመጠበትን ሰው ግን አያውቁም። ሁለቱን በአንድ ማረጋገጫ የሚያያይዝ ቴአፕ የሚባል ዘዴ አለ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 7170 በተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ተጽፎ፣ በዊንዶውስ 10 "2004" ከተባለው እትም ጀምሮ ገብቷል። ይሠራል፤ ግን ለሁለት መቶ ላፕቶፕ ያንን ማንሳት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ኔትወርኩ መሣሪያውን ይወቅ፤ ሰውየውን ደግሞ ኢሜይሉና የሒሳብ ሥርዓቱ በሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቁት። "ኮምፒውተር ወይም ተጠቃሚ" የሚለውን የዊንዶውስ ምርጫ ከወሰዱ ግን ሁለቱን ወደ ተለያየ ቪላን አይላኩ፤ ሰውየው ሲገባ ቪላኑ ከሥሩ ይቀየርና ላፕቶፑ አሮጌውን አይፒ ይዞ ይንጠለጠላል።

እስካሁን ያወራነው ኔትወርኩ መሣሪያውን ስለሚያጣራበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላኛው ጫፍ፣ መሣሪያው ኔትወርኩን የሚያጣራበት ነው። በላፕቶፑ የኔትወርክ ቅንብር (ፕሮፋይል) ላይ ሦስት ነገር ይሙሉ፦ የሚታመነው የትኛው ሥር እንደሆነ፣ የራዲየስ ሰርቨሩ ስም በትክክል፣ እና ተጠቃሚው "ልመነው?" ተብሎ እንዳይጠየቅ። ሦስተኛውን የሚተዉ ብዙ ናቸው፤ ተጠቃሚ ሲጠየቅ ደግሞ ሁልጊዜ "እሺ" ይላል። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ በብዙ ስልኮች ላይ "አታጣራ" የሚለው ምርጫ ራሱ ተነሥቷል፤ የዶሜይን ስም ካልጻፉ አያስቀምጥም። ስልኩ ተበላሸ ብለው የሚደውሉ ይኖራሉ፤ ትክክለኛውን የሠራው ስልኩ ነው።

ለራዲየስ ሰርቨሩ ከሕዝባዊ ሰጪ ሰርተፍኬት መግዛት ቀላል መንገድ ይመስላል፣ ግን ሁለት እንከን አለው። አንደኛ፣ ሥሩን ብቻ አምኖ ስሙን ያላጣራ ላፕቶፕ ከዚያው ሰጪ ለማንኛውም ዶሜይን የወጣን ሰርተፍኬት ይቀበላል፤ አጥቂው የራሱን ዶሜይን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የሕዝባዊ ሰርተፍኬቶች ዕድሜ እያጠረ ነው፦ ሰጪዎችና የድር አሳሽ አምራቾች በ2025 እ.ኤ.አ. በተስማሙት መሠረት ከመጋቢት 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ200 ቀን፣ ከ2027 ከ100 ቀን፣ ከ2029 ከ47 ቀን አይበልጥም። ፕሮፋይል በማስተዳደሪያ ሥርዓት ሳይሆን በእጅ የገባባቸው ስልኮች ሰርተፍኬቱ በታደሰ ቁጥር እንደገና "ልመነው?" ሊሉ ይችላሉ። የራስዎ ሥር ይሻላል።

ፕሪንተሮቹ ጋ እንምጣ። ከመወሰንዎ በፊት የእያንዳንዱን የማስተካከያ ድረ ገጽ ከፍተው 802.1ኤክስ ይፈልጉ፤ ለመሥሪያ ቤት የተሠሩ ብዙ ፕሪንተሮችና የአይፒ ካሜራዎች ኢኤፒ-ቲኤልኤስን ይደግፋሉ። ለእነሱ የ2 ወይም የ3 ዓመት ሰርተፍኬት ይስጡ፤ በእጅ ስለሚታደስ አንድ ዓመት ያደክማል፣ የማብቂያውንም ቀን የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉት።

የማይችሉት በማብ ይገባሉ። ማብ ማለት ስዊቹ መሣሪያው በ802.1ኤክስ እንዳልመለሰ ሲያይ የማክ አድራሻውን እንደ ተጠቃሚ ስም ወደ ራዲየስ የሚልክበት አሠራር ነው። ማብን እንደ ማረጋገጫ አይቁጠሩት። የማክ አድራሻ ፕሪንተሩ ጀርባ ተለጥፎ የሚነበብ ቁጥር ነው፤ ማንኛውም ላፕቶፕ ላይ በአንድ ደቂቃ ይቀየራል። ስለዚህ ዋናው ጥበቃ ከገባ በኋላ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ፕሪንተር በቲሲፒ 9100 ወይም 631 ከማተሚያ ሰርቨሩ ብቻ ይቀበል፤ ካሜራ ከመቅጃው ጋር ብቻ ያውራ፤ ሁለቱም ወደ ኢንተርኔት አይውጡ፤ እርስ በርስም አይተያዩ። የፕሪንተሩን ማክ የሰረቀ ሰው የሚያገኘው የፕሪንተር መብት ብቻ እንዲሆን ነው።

በማብ ላይ ሦስት ተደጋጋሚ ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው የአጻጻፍ ቅርጽ ነው፦ አንዱ ስዊች አድራሻውን ያለ መለያ፣ ሌላው በሰረዝ፣ ሌላው በነጥብ ለይቶ ይልካል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያያል። ሰርቨሩ ላይ ወደ አንድ ቅርጽ የሚቀይር ደንብ ይኑር። ሁለተኛው፣ ማኮቹን አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ ስምና ይለፍ ቃላቸው አንድ የሆነ ተራ መለያ አድርጎ መፍጠር ነው፤ ያኔ የፕሪንተሩን ጀርባ ያነበበ ሰው የዶሜይን መለያ አገኘ ማለት ነው። በራዲየሱ የራሱ ዝርዝር ያስቀምጧቸው። ሦስተኛው ጊዜ ነው። በብዙ የሲስኮ ስዊቾች ነባሪው አሠራር በየ30 ሰከንዱ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ነው ወደ ማብ የሚያልፈው፤ 90 ሰከንድ ማለት ነው። ፕሪንተሩ ወይም በኔትወርክ የሚነሣው ኮምፒውተር ከዚያ በፊት ዲኤችሲፒን ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። የመጠየቂያውን ክፍተት ወደ 10 ሰከንድ ያውርዱት። ካልተጠየቀ ምንም የማይልክ ዝምተኛ መሣሪያ ደግሞ ማብን ጨርሶ አያስነሣም፤ ለእሱ ቋሚ አይፒውን ትቶ ዲኤችሲፒ እንዲጠይቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ዝርዝር ሲሰበስቡ የማኩ ሁለተኛ ቁምፊ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ ምናልባት ስልክ የፈጠረው ጊዜያዊ አድራሻ ነው፤ ነገ ሊቀየር ስለሚችል አይመዝግቡት።

ላፕቶፕ በአይፒ ስልኩ ጀርባ የሚሰካ ከሆነ ፖርቱን አንድ ስልክና አንድ ኮምፒውተር ለየብቻ በሚያጣራው ሁኔታ ላይ ያድርጉት። አንዱ ሲያልፍ ለሌላው ሁሉ የሚከፍተው "መልቲ-ሆስት" ሁኔታ ለዚህ አይሆንም፤ በስልኩ ማረጋገጫ ማንም ይገባል። ላፕቶፑ ከስልኩ ሲነቀል ስዊቹ አያየውም፤ የስልኩ ኬብል እንደተሰካ ነውና። ስልኩ በላፕቶፑ ስም የመውጫ መልእክት የሚልክ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ካልሆነ የሥራ-ፈት ሰዓት ቆጣሪ ያስገቡ።

ሲበላሽ የት ይታይ? ራዲየስ ሰርቨርዎ የዊንዶውስ ኤንፒኤስ ከሆነ የደኅንነት ሎጉ ላይ 6272 ተፈቀደ፣ 6273 ተከለከለ ማለት ነው፤ ከ6273 ሥር ያለው የምክንያት ቁጥር ብዙ ይናገራል። 16 የመለያው መረጃ አልተዛመደም፣ 22 ሰርቨሩ የቀረበለትን የኢኤፒ ዓይነት ማስተናገድ አልቻለም፣ 265 የሰርተፍኬቱን ሰጪ አያምንም። ፍሪራዲየስ የተባለው ሰርቨር ከሆነ አገልግሎቱን አቁመው በዴበግ (እያንዳንዱን እርምጃ በሚዘረዝር) ሁኔታ ያስነሡት፤ የሚተፋው ብዙ ነው፣ ግን የተሳሳተው መስመር እዚያ ውስጥ አለ። "ያልታወቀ ሰርተፍኬት ሰጪ" የሚል የቲኤልኤስ ማስጠንቀቂያ ሲያዩ ማን እንደላከው ይለዩ። ላፕቶፑ ከሆነ የላከው፣ ሰርቨሩን አላመነም፤ ሥሩ አልተጫነም ወይም ሰርቨሩ መካከለኛውን ሰርተፍኬት አብሮ አልላከም። ሰርቨሩ ከላከው ችግሩ በተቃራኒው ነው። ይህን ሳይለዩ ሁለቱንም ጎን መነካካት ነገሩን ያባብሰዋል።

አንድ ላፕቶፕ ብቻ እምቢ ካለ መጀመሪያ ሰዓቱን ይዩ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ማሽን ሲነሣ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በእሱ ሰዓት የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ገና አልጸናም። ሰዓቱን በኔትወርክ እንዳያስተካክል ደግሞ ኔትወርክ የለውም። በኬብል ብቻ እምቢ ካለ፣ በዊንዶውስ ላይ "ዋየርድ አውቶኮንፊግ" የሚባለው አገልግሎት በነባሪ እንደማይነሣ ያስታውሱ፤ በፖሊሲ በራሱ እንዲነሣ ያድርጉት።

ትናንት ሲሠራ የነበረው ሁሉ ዛሬ ጠዋት በአንድ ጊዜ ከወደቀ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ፦ የሰርቨሩ ሰርተፍኬት አብቅቷል፣ ወይም የስረዛ ዝርዝሩ ጊዜው አልፏል። ዝርዝሩ የራሱ የማብቂያ ቀን አለው። ሰጪው ቆሞ ወይም ዝርዝሩ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ተዘግቶ አዲስ ካልወጣ፣ ሰርቨሩ "ማን እንደተሰረዘ አላውቅም" ብሎ ሁሉንም ይከለክላል። በዚያ ጊዜ ማጣራቱን ማጥፋት ያጓጓል፤ ዝርዝሩን በእጅ አውጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል። በማግሥቱም የማብቂያውን ቀን የሚከታተል ማስጠንቀቂያ ይትከሉ።

ጥቂት መልእክቶች አልፈው ከዚያ ዝም የሚል፣ በቅርንጫፍ ቢሮ ብቻ የሚታይ ችግር ደግሞ የፓኬት መቆራረጥ ነው። የሰርተፍኬት ሰንሰለት ብዙ ኪሎባይት ስለሚሆን የራዲየሱ ዩዲፒ ፓኬት ከመሥመሩ አቅም በላይ ያድጋል፤ በመንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል ወይም ቪፒኤን ቁርጥራጮቹን ይጥላል። ይለፍ ቃል ሲሞከር ይሠራል፣ ሰርተፍኬት ሲሆን አይሠራም። ራዲየሱ ላይ የፍሬም ኤምቲዩ መጠኑን (በአንድ ጊዜ የሚላከውን ትልቁን መጠን) ወደ 1344 ባይት ማውረድ ከሰርቨር ወደ መሣሪያ የሚሄደውን ያስተካክላል፤ የመልሱን ጉዞ ለማስተካከል ግን ፋየርዎሉ ቁርጥራጭ እንዲያሳልፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

በስዊቹና በራዲየሱ መካከል ያለው የጋራ ምስጢርም አይረሳ። ካልተገጣጠመ ሰርቨሩ ፓኬቱን ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ ስዊቹም ሰርቨሩ እንደሞተ ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ስዊች የተለየ፣ በዘፈቀደ የወጣ፣ ቢያንስ 22 ቁምፊ ያለው ይሁን። ራዲየስ መልሱን የሚጠብቀው ኤምዲ5 በሚባል አሮጌ የማጣሪያ ስሌት ነው፤ በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ብላስትራዲየስ የተባለው ጥቃት በመሥመሩ መካከል የተቀመጠ ሰው "ይከልከል" የሚለውን መልስ "ይግባ" ወደሚል እንዲቀይር ያስችለዋል። ኢኤፒ ሁልጊዜ የመልእክት ማረጋገጫ መስክ ስለሚይዝ አይነካም፤ ማብ ግን ብዙ ጊዜ ያለ እሱ ይሄዳል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ካደሱ በኋላ መስኩን በሁሉም ጥያቄና መልስ ላይ ግዴታ ያድርጉት። መሣሪያዎቹ ከደገፉ ራዲየሱን በቲኤልኤስ ውስጥ በቲሲፒ 2083 መላክ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

የሥራው ቅደም ተከተል ላይ፦ ዋይፋዩን ያስቀድሙ። አዲስ ስም ከአሮጌው ጎን ከፍተው ሰዎችን ቀስ በቀስ ያዛውሩ፣ መጨረሻ ላይ አሮጌውን ይዝጉ። በኬብሉ በኩል ስዊቾቹን በመጀመሪያ በክትትል ሁኔታ ያስነሡ፤ ማረጋገጫው ይሞከራል፣ የወደቀውም ግን ይገባል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሎጉን ያንብቡ። የረሷቸው የጣት አሻራ መሣሪያዎች፣ የአሳንሰር መቆጣጠሪያና ጣሪያ ሥር የተደበቀ አሮጌ ሰርቨር የሚገኙት በዚህ ጊዜ ነው። የማይታወቅ ስም ሎጉ ላይ ሲጠፋ አንድ ፎቅ ብቻ ይዝጉ፣ ከዚያ ሌላውን። ራዲየስ ሰርቨሩ ሁለት ይሁን፤ ሁለቱም ከጠፉ ስዊቹ መሣሪያዎቹን የሚያስቀምጥበት ውስን ቪላን አስቀድሞ ይወሰን። ለእንግዳ ኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ የተለየ ዋይፋይ ይክፈቱ፤ የሠራተኛ የግል ስልክም እዚያው ይሂድ።

802.1ኤክስ የማይሠራውንም ይወቁ። በኬብል ላይ ፖርቱ ከተከፈተ በኋላ ፍሬሞቹን አያመሰጥርም፤ በላፕቶፑና በሶኬቱ መካከል ትንሽ ብሪጅ (የሁለቱን ትራፊክ የሚያሳልፍ መሣሪያ) የሰካ ሰው በተረጋገጠው ግንኙነት ላይ ይፈናጠጣል። ያንን የሚዘጋው ማክሴክ፣ ማለትም 802.1ኤኢ ነው፤ ስዊቹና ላፕቶፑ ሁለቱም ሊደግፉት ይገባል። ትክክለኛ ሰርተፍኬት ያለው ግን ቫይረስ የገባበት ላፕቶፕም ያልፋል። ስለዚህ ፖርቱ መከፈቱ ለሰርቨሮቹ መብት አይሁን፤ እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱን መጠየቅ ይቀጥል።

ጨረስኩ ከማለትዎ በፊት ሁለት ሙከራ ያድርጉ። አንዱ፦ የእናንተን የዋይፋይ ስም የያዘ፣ ግን ከሌላ ሥር የወጣ ሰርተፍኬት ያለው የሙከራ አክሰስ ፖይንት አስነሥተው አንድ ላፕቶፕና አንድ ስልክ ያቅርቡለት። ሳይጠይቁ እምቢ ማለት አለባቸው፤ ጥያቄ ካሳዩ ፕሮፋይሉ አልተሟላም። ሁለተኛው፦ ተሰርቋል የተባለ ላፕቶፕ እየሠራ ሳለ ሰርተፍኬቱን ይሰርዙ፣ የኮምፒውተሩን መለያ ይዝጉ፣ ከዚያ እስኪወጣ ሰዓት ይያዙ። ስረዛው ብቻውን የተከፈተን ግንኙነት አይቆርጥም። የሚቆርጠው ከራዲየሱ ወደ ስዊቹ የሚላከው የማቋረጫ ትእዛዝ ነው፤ በደረጃው በዩዲፒ 3799፣ በብዙ የሲስኮ መሣሪያዎች ላይ በ1700 ይሄዳል፣ ፋየርዎሉም ሊፈቅደው ይገባል። ካቋረጡት በኋላ ላፕቶፑ ተመልሶ ከገባ ሰርቨሩ የድሮውን የቲኤልኤስ ግንኙነት ከማስታወሻው እየቀጠለ ሰርተፍኬቱን እንደገና አላየም ማለት ነው፤ የማስታወሻውን ዕድሜ ወደ አንድ ሰዓት ያሳጥሩና ሙከራውን ይድገሙት። አሁንም ከገባ ሰርቨሩ ያወረደው የስረዛ ዝርዝር አሮጌው ነው፦ በየሳምንቱ የሚወጣ ከሆነ በየዕለቱ እንዲወጣ ያድርጉ፣ ስርቆት ሲያጋጥም ደግሞ ወዲያው በእጅ አውጥተው ሰርቨሩ አዲሱን ማንበቡን ሎጉ ላይ ይዩ።